አያት አካባቢ የሚታመን የውሻ ፀጉር ቆራጭ እንዴት ነው የምትለዩት?

የቡቺ እናት፦
ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ። እኛ ከአያት ወደ ለገጣፎ መውጫው ላይ ነው ያለነው፣ ቡቺ የምንለው ማልቲስ ቅልቅል ውሻ አለን፣ ነጭ ነበር፣ ክረምቱ ከገባ ወዲህ ጭቃው ምን እንዳደረገው ባላወራ ይሻላል። ፀጉሩ ከጆሮው ጀርባና ብብቱ ስር ተቋጥሮ ማበጠሪያ አያስገባም። ባለፈው ቤት ለቤት የሚሰራ ልጅ በቴሌግራም አግኝተን መጣ፣ «እናንተን ካየ ይረበሻል» ብሎ ሰርቪስ ቤት ገብቶ በር ዘግቶ ሰራው፣ ሲወጣ የቡቺ ጆሮ ጫፍ ተቆርጦ ደም በደም። «ራሱ ተወራጭቶ ነው» አለና ሂሳቡን ሙሉ ተቀብሎ ሄደ። አሁን ቡቺ የባለቤቴን ፂም መላጫ ድምፅ ሲሰማ እንኳ አልጋ ስር ነው። ባለቤቴ ደግሞ «ውሻ ፀጉር ቤት የሚሄደው የት አገር ነው» እያለ ይስቅብኛል፣ እሱን ተዉት። ሁለት ሰዎች ተጠቁመውልኛል፣ አንዱ እዚሁ ቅርብ ሱቅ አለው፣ ሌላው ቤት ድረስ ይመጣል። ምን ብዬ ልጠይቃቸው? ምን ሳይ ነው ጥዬ መውጣት ያለብኝ?

የኮተቤው፦
እህቴ አይዞሽ። እኔ የቴሌግራም ፎቶ ማመን ትቻለሁ፣ ግማሹ ከውጭ የተነሳ ነው፣ ከውሻው ኋላ ያለውን ሶኬት ካየሽ የኛ አገር አይደለም ሃሃ። ደንበኛ አገናኘኝ በዪው፣ ግን አንዴ የሄደ ሳይሆን ደጋግሞ የሚሄድ ይሁን፣ ምክንያቱም ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም ውሻ ምን እንደሚጠብቀው አያውቅም፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ሲወስዱት እየጎተቱት ነው ወይስ ራሱ ይገባል? እሱን ጠይቂ። ቆረጣው ማማሩን ሰው ሁሉ ይነግርሻል።

ቬት ነኝ፦
የጆሮው ቁስል ደረቀ? ካበጠ ወይም ከሸተተ ለሐኪም አሳዪው።
ወደ ጥያቄሽ ስመጣ፣ ባለቤቱን ሲያይ የሚብስበት ውሻ እውነት አለ፣ ልጁ እዛ ላይ አልዋሸም። ግን በመስታወት ወይም በተከፈተ በር ከርቀት ማየት ይቻላል፣ ጭራሽ እንዳታዪ ከተባልሽ ውሻሽን ይዘሽ ውጪ። የጆሮ ጫፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚቆረጠው በመቀስ ነው። ፀጉር ሲቋጠር ቆዳውን ይዞት ይነሳል፣ የቱ ፀጉር የቱ ቆዳ እንደሆነ አይለይም፣ መቀስ ያስገባ ሰው ቆዳ ይዞ ይወጣል። የሚያውቅበት ሰው ቋጠሮውን ከስሩ በቶንዶስ ቀስ አድርጎ ይላጨዋል። ስለዚህ ስልክ ላይ «ፀጉሩ ክፉኛ ተቋጥሯል፣ ምን ታደርጋለህ?» በዪና ዝም በዪ። «ችግር የለም ሳላሳጥር ፈትቼ አሳምርልሻለሁ» ካለሽ ውሻውን ሲጎትተው ሊውል ነው። «ሳላየው አልናገርም፣ ምናልባት መላጨት ሊኖርበት ይችላል» ያለሽን ያዢው።
ሌላው፣ «ማረጋጊያ መርፌ አለኝ» ወይም «ክኒን እሰጠዋለሁ» ካለ ንግግሩ እዛው ይብቃ። ማስተኛ መድኃኒት የሚሰጠው ሐኪም ልቡን አዳምጦ፣ በኪሎው ለክቶ ነው፣ ፀጉር ቆራጭ ከኪሱ አውጥቶ አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ካርድ ሳይጠይቅሽ ውሻሽን ከተቀበለ ደግሞ ከቡቺ በፊት የገባውንም አልጠየቀም ማለት ነው። ይሄ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል፣ ለሰውም ለውሻም፣ ስለዚህ ካርድ ጠያቂ ቆራጭ አስቸጋሪ ሳይሆን ራሱን የሚጠብቅ ሰው ነው።

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶ፦
ዶክተር እግዜር ይስጥልን። እኔ የምጨምረው የኛን ሰፈር ጉዳይ ነው። እኛ ጋ ውሃ በፈረቃ ነው፣ መብራት ደግሞ እንደ ፀባዩ፣ ሱቁን ስታዪ ሮቶ አለው ወይ ጄኔሬተር አለው ወይ በዪ። የጎረቤቴን ውሻ ሻምፖ እንደተቀባ ውሃ ሄዶባቸው ሻምፖው ሳይለቀለቅ ደርቆበት ሲያሳክከው ከረመ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ታጥቦ ሳይደርቅ መብራት ጠፍቶ በሐምሌ ብርድ እየተንቀጠቀጠ ወደ ቤት መጣ። ለዚህ ለዚህ ቤት ድረስ የሚመጣው ይሻላል፣ ውሃውን ራስሽ ታሞቂያለሽ፣ ራይድም መለመን አይኖርብሽ፣ ሹፌሩ ውሻ ሲያይ እኮ ካንስል ነው። ግን ቤት የሚመጣው ቶንዶሱን ከየት ቤት ይዞት እንደመጣ አታውቂም፣ እዛ ላይ ዶክተር ቢያብራሩልን።

ቬት ነኝ፦
ትክክል። እከክና ጭርት ከውሻ ወደ ውሻ በቶንዶስና በብሩሽ ይሄዳሉ፣ ከውሻም ወደ ሰው፣ ልጆች ካሉሽ በተለይ። ፓርቮ የሚባለው፣ ቡችላን በተቅማጥ የሚገድለው ቫይረስ ደግሞ ጠረጴዛና መታጠቢያ ላይ ወራት ይቆያል፣ አልኮል ብዙም አያጠፋውም፣ በውሃ የተበረዘ በረኪና ያጠፋዋል። «ከአንዱ ውሻ ወደ ሌላው ስትሸጋገር በምን ታፀዳለህ?» ሲባል «አልኮል እነፋበታለሁ» ብቻ ካለ በቂ አይደለም። ክትባቱን ያልጨረሰ ቡችላ ደግሞ (ብዙውን ጊዜ እስከ 4 ወር ነው) ብዙ ውሻ የሚገባበት ቦታ ጨርሶ አትውሰዱ፣ ቢቆሽሽ ይቆሽሽ።
ሲሰራ እያየሽው ከሆነ እጁን ተመልከቺ። የቶንዶስ ምላጭ ሲቆይ ይግላል፣ ያቃጥላል፣ ጥሩ ሰራተኛ በየመሃሉ ምላጩን በእጁ ነካ ያደርገዋል ወይ ይቀይረዋል። ፎኑንም እንዲሁ፣ አየሩን መጀመሪያ በራሱ ክንድ ላይ ይሞክራል። ውሻውን የውሻ ቤት ውስጥ ዘግቶ ፎን ለኩሶ የሚሄድ ካየሽ ግን አትጠብቂ፣ በተለይ አፍንጫቸው ድፍጥጥ ያሉት ውሾች ሙቀት ይገድላቸዋል።

ጋሽ ሰንዳፋ፦
ልጆቼ እንደምን አላችሁ። እኔ ጀርመን ሼፐርድ አለኝ፣ ግቢ ጠባቂ ነው፣ ቆራጭ ጠርቼ አላውቅም፣ ነገር ግን ፀጉሩ ምንጣፉን ሞልቶት እናታችሁ አስቸገረችኝ። በጋ ሲገባ ሙልጭ አድርጎ የሚላጭልኝ ሰው ፈልጌ ነበር፣ ሙቀቱም ይቀንስለታል።

የሱሉልታው፦
ጋሼ እኔ የከብት መዥገር መድኃኒት በውሃ በጥብጬ ነው የማጥበው፣ ቁንጫውም ፀጉሩም ይረግፋል ሃሃ

ቬት ነኝ፦
የሱሉልታው ወንድሜ እባክህ ተው! የከብት መድኃኒት ልኩ ለከብት ነው፣ ውሻ ራሱን ስለሚልስ ይውጠዋል፣ አረፋ የደፈቀ፣ የሚንቀጠቀጥ ውሻ ይዘው የሚመጡ ሰዎች አሉ።
ጋሼ፣ እንዳያስላጩት። የእርስዎ ውሻ ፀጉር ድርብ ነው፣ ከላይ ጠንካራው ከስር ለስላሳው፣ ያ ከፀሐይም ከሙቀትም ይከላከልለታል፣ ከተላጨ በኋላ ተበጣጥሶ ሊበቅል ይችላል። የስሩን ፀጉር የሚያወጣ ብሩሽ አለ፣ በሳምንት ሁለት ሦስቴ ግቢ ውስጥ ቢያበጥሩት ምንጣፉ ይተርፋል። እንዲያውም ጥሩ መፈተኛ ነው፣ ጀርመን ሼፐርድ ወስደው «ላጭልኝ» ሲሉት ያለ አንዳች ጥያቄ ቶንዶስ የሚያነሳ ሰው ሙያውን አያውቅም።

ጋሽ ሰንዳፋ፦
ተባረክ። ብሩሹን ልጄ ከከተማ ታመጣልኛለች።

የኮተቤው፦
ዋጋም ቀድመሽ ተነጋገሪ እህቴ፣ በስልክ አንድ ዋጋ ይሉና ሲጨርሱ «ፀጉሩ አስቸገረ» ብለው ይጨምራሉ። የተቋጠረውን ፎቶ አንስተሽ ቀድመሽ ላኪ። የጥፍሩንም ጠይቂ፣ ተካቷል ወይ ብለሽ። ጥቁር ጥፍር ያለው ውሻ ደም ስሩ አይታይም፣ ትንሽ ትንሽ እየተላገ ነው የሚቆረጠው፣ አንዴ ቀጭ የሚያደርግ ያደማዋል።

የቡቺ እናት፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ቁስሉ ደርቋል ዶክተር። ሁለቱንም ደወልኩላቸው። ቤት የሚመጣው ስለቋጠሮው ስጠይቀው «እህት አታስቢ እንደ አዲስ አደርገዋለሁ» አለኝ፣ ስለ ክትባት ምንም አላለም። ባለ ሱቋ ሴት ናት፣ ዕድሜውን፣ ነክሶ ያውቅ እንደሆነ፣ ካርዱን ጠየቀችኝ፣ ጆሮውን እንደተቆረጠ ስነግራት «እንግዲያው መጀመሪያ ቀን ጥፍሩን ብቻ ሰርቼ ይልመደኝ፣ ቋጠሮውን በሌላ ቀን እናወጣዋለን» አለች። ሁለቴ መክፈል ነው ብሎ ባለቤቴ ተነጫነጨ። ቅዳሜ ጠዋት ልወስደው ነው። ቁርስ ላብላው ወይስ ባዶ ሆዱን?

ቬት ነኝ፦
ሁለት ሰዓት ያህል ቀድመሽ ትንሽ አብዪው፣ ከመግባትሽ በፊት ደግሞ ዞር ዞር አድርጊውና ይሽና። የሚወደውን ነገር ቆራርጠሽ ያዢ፣ የምትሰጠው እሷ ትሁን፣ አንቺ አይደለሽም።