ለስምንት ሰው ሊግ ስንት አጥቂ ማስገደድ ይገባል? የአሰላለፍ ደንባችንን ልቀይር ነው

ከዚራ ጥላ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ነን። ስምንት ጓደኛሞች የእንግሊዝ ፕሪምየር ሊግን ፋንታሲ፣ ማለትም እውነተኛ ተጫዋቾችን መርጦ ሜዳ ላይ በሠሩት ነጥብ የሚወዳደሩበትን ጨዋታ፣ በደብተር እንጫወታለን። በኢንተርኔቱ ጨዋታ አንድን ተጫዋች ሁሉም ሰው መያዝ ይችላል፤ እኛ ግን ዕጣ አውጥተን በተራ እንመርጣለን፣ አንዱ የወሰደውን ሌላው አይነካም። ነጥቡን ከኢንተርኔቱ እየገለበጥኩ የምመዘግበው እኔ ነኝ።

ስንጀምር አሰላለፉን ለሁሉም 4-3-3 (አራት ተከላካይ፣ ሦስት አማካይ፣ ሦስት አጥቂ) አድርገን ቆረጥነው። ስሕተት ነበር። ሊጉ 20 ክለቦች አሉት፤ አብዛኞቹ ከፊት የሚያሰልፉት አንድ አጥቂ ነው፤ የክንፍ ተጫዋቾቹም በኢንተርኔቱ ጨዋታ ዝርዝር ላይ በብዛት አማካይ ተብለው ነው የሚመዘገቡት። እኛ ደግሞ ስምንት ሰው በሦስት፣ 24 አጥቂ እንፈልጋለን። ከየት ይመጣል?

ባለፈው ዓመት የመጨረሻው ዕጣ የደረሰው ከሁላችን ታናሽ ለሆነው ልጅ ነበር። ከሦስቱ አጥቂዎቹ ሁለቱ ተቀይረው እንኳን አይገቡም ነበር። በየሳምንቱ በስማቸው ፊት ዜሮ እጽፋለሁ። ታኅሣሥ ላይ ደብተሩን ተቀበለኝ፣ ገጹን አየና በመዳፉ ሸፈነው። «ጋሼ፣ ከሳምንት ጀምሮ አልመጣም» አለኝ። ያ መዳፍ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። ጥፋቱ የልጁ የምርጫ ችሎታ አልነበረም፤ ደንባችን ነው የጎዳው።

አሁን ያሰብኩት አንድ ግብ ጠባቂ፣ ቢያንስ ሦስት ተከላካይ፣ ቢያንስ አንድ አጥቂ፣ የቀረው እንደየሰው ምርጫ እንዲሆን ነው። አንድ ጓደኛችን ግን «እንዲህ ከሆነ ሁሉም አማካይ ብቻ ይሰበስባል» ይላል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

የጀጎል ልጅ፦
ወንድሜ፣ ሐረር እኛ አሥር ነን፤ ያንተን ሐሳብ ሞክረነው ሠርቶልናል። ቁርጥ ያለ ቁጥር አታስቀምጥ፣ ዝቅተኛና ከፍተኛ ብቻ ወስን፦ አጥቂ ከ1 እስከ 3፣ ተከላካይ ከ3 እስከ 5። የጓደኛህ ስጋት ተገቢ ነው፤ አማካይ ለግብ 5 ነጥብ ሲያገኝ አጥቂ 4 ነው የሚያገኘው። ለዚህ አማካዩን በ5 ተጫዋች ገድበው። ተከላካይ ግን ግብ ካገባ 6፣ ቡድኑ ግብ ካልተቆጠረበት 4 ስላለው ሳይገደድም ፈላጊ አያጣም። ሌላው ደግሞ፣ በሁለተኛው ዙር የምርጫው ተራ ይገልበጥ፤ መጨረሻ የነበረው ቀድሞ ይምረጥ። ለዚያ ልጅ ትልቁ መድኃኒት እሱ ነው።

ሳቢያን 07፦
የተጫዋቹን ቦታም አብራችሁ ወስኑ፤ እኛን ሊያጣላን የደረሰው እሱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019/20 የሼፊልድ ዩናይትዱ ለንድስትራም በተከላካይነት ተመዝግቦ የሚጫወተው መሀል ሜዳ ነበር። የያዘው ሰው ሲደሰት ሌሎቻችን «ይሄ ማጭበርበር ነው» አልን። ከዚያ ወዲህ ውድድሩ ሲጀመር ዝርዝሩ ያለው እስከ መጨረሻው ይጸናል ብለናል። ዋናው ጨዋታም ቦታ የሚቀይረው በውድድር ዘመኖች መካከል ነው፤ የአርሰናሉ ኦባሜያንግ አጥቂ ሆኖ 22 ግብ ካገባ በኋላ በቀጣዩ ዓመት አማካይ ተብሎ መጣ።

የደቻቱ አጥቂ፦
እኔ አልስማማም። ሁለት አጥቂ ይገደድ። ስምንት በሁለት 16 ነው፣ 20 ክለብ ይበቃዋል። አጥቂ የማያሰልፍ ሊግ ጣዕም የለውም።

ከዚራ ጥላ፦
አመሰግናለሁ። የተራውን መገልበጥና የዝርዝሩን ጉዳይ እንዳለ ወስጃለሁ፤ አማካዩም በ5 ይገደባል። ስለ ሁለቱ አጥቂ ግን፣ ወዳጄ፣ 16 ከተያዘ የሚቀረው አራት ነው። ሁለት ቢጎዱ፣ አንዱ ቦታውን ቢነጠቅ፣ ዜሮው ተመልሶ ደካማው ገጽ ላይ ይወድቃል። አንድ ይሁን፤ ሁለትና ሦስት የፈለገ ያሰልፍ።

ዛሬ ማታ አዲሱን ደብተር አሰምራለሁ። የመጀመሪያውን ገጽ ይዤ ነገ ልጁ ቤት እሄዳለሁ።