በሶብላና ኮሰረት ሐዋሳ ላይ ሳይጠቁር እንዴት ይደርቃል?

የሐዋሳዋ፦
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጓሮ ውስጥ በሶብላ፣ ኮሰረት፣ ጦስኝ፣ የጥብስ ቅጠል፣ ናናና ጤና አዳም አለ። ዓመቱን ሙሉ የሚበቃ ማድረቅ ፈልጌ ማዳበሪያ አንጥፌ በረንዳ ላይ አሰጣሁት፤ ማታም እዚያው ያድራል። በሶብላው በሦስተኛው ቀን ጠቆረ። ኮሰረቱ ደርቋል ብዬ የማር ጠርሙስ ውስጥ ከከተትኩት በኋላ በሳምንቱ የሻጋታ ሽታ አመጣ። ስህተቱ የቱ ጋ ነው?

ጓሮና ጓዳ፦
እህቴ፣ ዋናው ጥፋት ማዳበሪያው ነው። ከሥር አየር ስለማያሳልፍ ቅጠሉ ከላይ እየደረቀ ከታች ይታፈናል። የተላጠ ድንች ዝም ብሎ ሲቀመጥ እንደሚጠቁረው ሁሉ፣ የተቀጠቀጠ ወይም ቀስ ብሎ የሚደርቅ በሶብላም ውስጡ ያለው ፈሳሽ አየር ሲያገኘው ይጠቁራል። ሁለተኛው ማደሩ ነው። ሐይቅ ዳር የሌሊቱ አየር እርጥብ ነው፤ ቀን የደረቀው ቅጠል ማታ መልሶ ይጠጣዋል። ከ11 ሰዓት በፊት ወደ ቤት ይግባ።

አቆራረጡም ለውጥ ያመጣል። በሶብላ አበባው ብቅ ማለት ሲጀምር ነው ሽታው የሚጠነክረው። ማታ ተክሉን ውኃ ረጭተሽ አቧራውን አጥቢው፣ በነጋታው ጤዛው ሲረግፍ፣ 3 ሰዓት ግድም፣ ቁረጪ። እንዲህ ከሆነ ከተቆረጠ በኋላ ማጠብ አያስፈልግም። ጥንድ ቅጠል ካለበት ከፍ ብለሽ ቁረጪ፣ ከአንድ ሦስተኛው በላይ አትውሰጂ፤ ከዚያው መልሶ ያቆጠቁጣል።

ሰፌድ ወይም የሽቦ ወንፊት ሁለት ጡብ ላይ አስቀምጪ፣ ከሥርም አየር እንዲገባ። ቅጠሉ ሳይደራረብ አንድ ንጣፍ ብቻ ይሁን፤ ዝንብና አቧራ እንዳይደርስበት ሻሽ አልብሺው። ቦታው ጥላ ሆኖ ነፋስ የሚያልፍበት ይሁን፤ ጠዋትና ማታ በእጅ ገልበጥ ማድረግ ነው። ጦስኝ በ4 ወይም 5 ቀን ይደርቃል፣ በሶብላና ኮሰረት ሳምንት ገደማ፣ የጥብስ ቅጠል እስከ 10 ቀን። ዝናብ ካለ ይረዝማል፤ ለዚህ ነው ሐዋሳ ላይ ትልቁን ቆረጣ ለታኅሣሥና ለጥር ማቆየት የሚሻለው።

ዝናብ ከያዘሽ ኦቭን መጠቀም ይቻላል፤ የመጨረሻው ዝቅተኛ ሙቀት ላይ፣ በሩ በማንኪያ ገርበብ ብሎ። ከ40 ዲግሪ ብዙ ከበለጠ ሽታው ይተናል። ምጣድ ላይ ግን አይሞከርም፣ ያ መቁላት ነው።

ናዝሬት ልጅ፦
ከላይ ባለው እስማማለሁ። እኛ አዳማ ላይ ችግሩ ተቃራኒው ነው፤ ነፋሱ ቶሎ ያደርቃል፣ ፀሐዩና አቧራው ግን ይጎዳል። በርበሬ ፀሐይ ላይ ይሰጣልና ቅጠልም ይሰጣል ማለት ስህተት ነው። የቅጠል ሽታ ያለው ስስ ዘይቱ ውስጥ ነው፤ ፀሐይ ያንን ዘይት ታተናለች፣ አረንጓዴውንም ታነጣለች።

ጥቂት ልጨምር። የጥብስ ቅጠልና ጦስኝ ከነግንዱ ደርቆ ነው የሚረገፈው፣ ናና ግን ግንዱ ውኃ ስለሚይዝ ቅጠሉን አስቀድመሽ ልቀሚው። በእስር መስቀል ከፈለግሽ ከ8 እስከ 10 ዘንግ ብቻ በላስቲክ እሰሪ፤ ዘንጉ ሲደርቅ ስለሚቀጥን ክር ይላላል፣ ላስቲክ ግን አብሮ ይጠብቃል። የጤና አዳም ቅጠል ለቡና ዓመቱን ሙሉ ከተክሉ ይቀጠፋል፣ ማድረቅ የሚገባው ለበርበሬ የሚሆነው ፍሬው ነው። ስትቆርጪ ጓንት አድርጊ፤ ፈሳሹ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ውኃ ይቋጥራል። ነፍሰ ጡር ሴትም ጤና አዳምን ብትተወው ይሻላል። የድንብላል ቅጠል ከተከልሽ ደግሞ አታድርቂው፣ ጣዕሙ ይጠፋል፤ ከትፈሽ በጥቂት ውኃ የበረዶ መሥሪያ ውስጥ አቀዝቅዢው።

የሐዋሳዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መድረቁን በምን አውቃለሁ? ለቅቤ ማንጠሪያ የሚሆነውስ ስንት ነው?

ጓሮና ጓዳ፦
ኮሰረቱ የሻገተው እዚህ ላይ ነው። ቅጠሉን በጣት ብቻ መፈተሽ ያታልላል፣ እርጥበቱ ዘንጉ ውስጥ ይደበቃል። ዘንጉ ሳይለመጥ ቀጭ ብሎ መሰበር አለበት። ከዚያ ጠርሙሱን ሁለት ሦስተኛ ሙይና ክደኚው፤ እስከ 5 ቀን በየጠዋቱ እዪው። መስታወቱ ውስጡ ላብ ካወጣ ወይም ቅጠሉ ከለሰለሰ አውጥተሽ እንደገና አስጪው።

ከአንድ ኪሎ እርጥብ ቅጠል ከ150 እስከ 200 ግራም ገደማ ደረቅ ይገኛል። በምግብ ላይ አንድ ማንኪያ ደረቅ ሦስት ማንኪያ እርጥብ ይተካል። ለአንድ ኪሎ ቅቤ አንድ የሾርባ ማንኪያ በሶብላና አንድ የሾርባ ማንኪያ ኮሰረት ይበቃል፤ አረፋው ሲቀንስ ጨምረሽ በትንሽ እሳት ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ ከዚያ ማጥለል። እርጥበት ያለው ቅጠል ከገባ ግን ቅቤው ውስጥ ውኃ ይቀርና ቶሎ ይበላሻል።

ቅጠሉ ሳይፈጭ ይቀመጥ። የወር የሚሆነውን ብቻ ፍጪ፤ በኤሌክትሪክ የቡና መፍጫ ከሆነ እያቆምሽ፣ አለዚያ ይግላል። ጠርሙሱ ከምድጃ ርቆ ጨለማ ቁም ሣጥን ውስጥ ይሁን፣ ቀኑም ይጻፍበት። ከጠርሙሱ ቀጥታ የሚንተከተክ ወጥ ላይ አትነስንሺ፣ እንፋሎቱ ይገባል፤ በደረቅ ማንኪያ አውጪ። ቅጠል ዓመት ይቆያል፣ የበሶብላ ፍሬ ከዚያም በላይ። መዳፍ ላይ አሽተሽ ካልሸተተ አልፎበታል።

ናዝሬት ልጅ፦
ነቀዝ ከታየ ወይም ከተጠረጠረ 4 ቀን ፍሪዘር ውስጥ አቆዪው። ስታወጪ ግን የቤቱን ሙቀት እስኪይዝ ጠርሙሱን አትክፈቺ፣ ቀዝቃዛው ቅጠል ወዲያው ላብ ያወጣል።

የሐዋሳዋ፦
የጠቆረውን በሶብላና የሸተተውን ኮሰረትስ ምን ላድርግ?

ጓሮና ጓዳ፦
ኮሰረቱን ጣዪው። ሻጋታ ቢደርቅም አይጠፋም፣ ፀሐይ ላይ መልሰሽ ብታሰጪውም አይድንም፤ ጠርሙሱን በፈላ ውኃ እጠቢና በደንብ አድርቂው። በሶብላው ሻጋታ ከሌለው አይጎዳም፤ ሽታው ግን ስለደከመ ሽሮ ላይ ሳይሆን ብዙ ቅመም የሚገባበት በርበሬ ላይ ጨርሺው።