የዕቅድ ውይይት፦ የጋራ ሥዕል ሥልጠና በባሕር ዳር

ሰብሳቢ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የማኅበራችንን የሥልጠና ፕሮፖዛል በዚህ ሳምንት እንቋጨው። 12 ሠልጣኝ፣ 3 ሜትር በ2 ሜትር የሆነ አንድ ሸራ፣ ከጥቅምት ጀምሮ ስድስት ቅዳሜ፤ እዚህ ድረስ ተስማምተናል። የቀረው የሥራ ክፍፍሉ ነው። ረቂቁ ሸራው ለ12 ተከፍሎ ለየሰው አንድ አንድ ቦታ ይሰጥ ይላል።

የሥዕል መምህር፦
ይህ አንቀጽ ቢወጣ እመርጣለሁ። ሸራው ከተሸነሸነ የሚገኘው 12 ትንንሽ ሥዕል ነው። ሁሉም የየራሱን ሰማያዊ ይበጠብጣል፣ ድንበሩ ላይ የአንዱ ሐይቅ ከሌላው አይገጥምም፣ ከጎረቤት ጋር ለመነጋገርም ምክንያት አይኖርም። ክፍፍሉ በሥራው ደረጃና በቀለም ይሁን። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል መምህሩ ነድፎ ደቀ መዝሙር ቀለም የሚሞላበት ልማድ አለን፤ እኛ የመምህሩን ቦታ በዙር እናድርገው።

ንድፉ በ30 በ20 ሳ.ሜ. ወረቀት ይሠራ። ወረቀቱ በየ2 ሳ.ሜ.፣ ሸራው በየ20 ሳ.ሜ. ይሰመር፤ 150 ካሬ ይወጣል። ንድፉን ከወረቀት ወደ ሸራው ማዛወሩ በጥንድ ነው፦ አንዱ ወረቀቱን እያየ ይናገራል፣ ሌላው በከሰል ይነድፋል። ተናጋሪው እርሳስ አይያዝ፤ ከያዘ ራሱ ይሠራዋል፣ ጓደኛውም ቆሞ ይቀራል።

ቀለም ሲጀመር ከስድስት ሰው በላይ ሸራው ፊት አይቁም። የቀሩት ራቅ ብለው እያዩ ይናገሩ፣ በየ20 ደቂቃው ይቀያየሩ። የሌላውን ሥራ የሚነካ መጀመሪያ ይጠይቅ። ፊትና የዳር መስመር ለመጨረሻው ቅዳሜ ይቆይ፤ ቀድሞ ከተሠራ እጁ የቀናው ሰው ሁሉን ይጠቀልለዋል፣ ዓይን አፋሩም ብሩሽ ያስቀምጣል።

ዕቃ ግዥ፦
መምህር፣ እስማማለሁ። በቀለም ከሆነ ግዥውም ይቀልላል፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊና ጥቁር አክሪሊክ ግማሽ ግማሽ ሊትር፣ ነጭ 2 ሊትር። የተበጠበጠው በክዳን ዕቃ ይቀመጥ፣ ከየአንዱም ወረቀት ላይ ተቀብቶ ይድረቅ። አክሪሊክ ሲደርቅ ጠቆር ስለሚል የሚቀጥለው ቅዳሜ ቀለም ከደረቀው ናሙና ጋር ይመሳከር። ውሃ ማብዛት ክልክል ይሁን፤ ማጣበቂያው ሳስቶ ቀለሙ በእጅ ይለቃል።

ለሸራው የሚሆነው አቡጀዲ ታጥቦ ፍሬም ላይ ይወጠር፤ ካልታጠበ ኮላ ሲነካው ተሸብሽቦ ፍሬሙን ያጎብጠዋል። ፍሬሙ መሃሉ ላይ ደጋፊ እንጨት ይኑረው። ምስማር ከየጎኑ መሃል ተጀምሮ ወደ ማዕዘን ይሂድ። አንድ እጅ ኮላ በሁለት እጅ ውሃ ተበጥብጦ አንዴ ይቀባ፣ ከዚያ ነጭ ፕላስቲክ ቀለም ስስ አድርጎ ሁለቴ፣ በመሃሉ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ። ጄሶ አይግባ፤ ሸራው ሲጠቀለል ይሰነጠቃል።

የዘጌ አባል፦
የጀልባ ጉብኝቱ በጣና ሐይቅ ደሴት ላይ ወዳለው ክብራን ገብርኤል ገዳም ተብሏል። እዚያ ሴት አትገባም፣ የሠልጣኞቻችን ግማሽ ጀልባ ላይ ሊቀሩ ነው። እዚህ ዘጌ ያለው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ይሁን። የመቅደሱ ግድግዳ ብዙ ታሪክ በአንድ ላይ እንዴት እንደሚደረደር ለማሳየት ከእሱ የተሻለ ትምህርት የለም፤ ደጉ ሰው በሁለት ዓይን፣ ክፉው በጎን ሆኖ በአንድ ዓይን መሣሉንም ራሳቸው ያግኙት፣ አስጎብኚው ቀድሞ አይንገራቸው። ለሸራችን ግን ሥዕለ አድኅኖ (የቤተ ክርስቲያን ቅዱስ ሥዕል) አንቅዳ፤ የራሱ ሥርዓት አለው። የደንገል ታንኳና የሐይቁ ዳር ገበያ ይበቃናል፤ የሰው ብዛት ስላለበት ለ12 እጅ ሥራ አያንስም።

ሰብሳቢ፦
የሦስታችሁም ሐሳብ ፕሮፖዛሉ ውስጥ ገብቷል። አንድ አንቀጽ ጨምሬያለሁ፦ ሸራው የማኅበሩ ነው፣ አይሸጥም፣ የ12ቱም ስም በፊደል ተራ ከጀርባው ይጻፋል። ተቃውሞ ያለው እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ ይጻፍ፤ ዓርብ ጠዋት አስገባዋለሁ።