ወደ አይፒቪ6 ስንሻገር ሪፖርቱ መከፈት እምቢ አለ

ኬብል ጎታች፦
ሰላም ቤተሰብ። የመሥሪያ ቤታችንን ኔትወርክ ወደ አይፒቪ6፣ ማለትም ወደ አዲሱ የኢንተርኔት አድራሻ ሥርዓት፣ እያሻገርኩ ነው። አሮጌውን አይፒቪ4 አላጠፋሁም፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ነው የማስኬደው። ራውተሩም ስዊቹም አላስቸገሩኝም። ፒንግ (መልስ የሚጠይቅ የሙከራ መልእክት) ይሠራል። ከትናንት በስቲያ ለውስጥ አፕሊኬሽናችን ዲኤንኤስ (የስምና የአድራሻ መዝገብ) ላይ የኳድ ኤ ሪከርድ፣ ማለትም ስሙን ከአይፒቪ6 አድራሻው ጋር የሚያገናኝ መስመር፣ ጨመርኩ። ጣጣው የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። በቪፒኤን (ከውጭ በተመሰጠረ መስመር) የሚገቡት ሰዎች የመግቢያው ገጽ ወዲያው ይከፈትላቸዋል። ረጅሙን ሪፖርት ሲጠሩ ግን ይሽከረከርና ይሽከረከርና ይቋረጣል። ሪከርዱን ሳነሳው ሁሉም ሰላም ነው። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አላየሁም። የት ልፈልግ?

ማታ ተረኛ፦
አይዞህ ወንድሜ፣ እኔንም ሳምንት ሙሉ አንከራቶኛል። ፋየርዎሉ ላይ ከአይሲኤምፒቪ6 (ኔትወርኩ ስህተትና ሙከራ ከሚያስተላልፍባቸው መልእክቶች) ፒንግን ብቻ ፈቅደህ ሌላውን ዘግተሃል መሰለኝ።

በአይፒቪ6 መንገድ ላይ ያለ ራውተር ፓኬት (ዳታው ተከፋፍሎ የሚላክበትን ጥቅል) አይቆራርጥም። ካላለፈለት ይጥለውና ለላኪው «ፓኬቱ ትልቅ ነው» የሚል መልእክት ይመልሳል። መልእክቱ የአይሲኤምፒቪ6 ዓይነት 2 ነው። እሱን ከዘጋህበት ሰርቨሩ ምንም ሳይሰማ ያንኑ ፓኬት ደጋግሞ ይልካል። ቪፒኤን ደግሞ በየፓኬቱ የራሱን ሄደር (ከፊት የሚለጠፍ መረጃ) ስለሚጨምር ከ1500 ባይት በታች ነው የሚያሳልፈው። የመግቢያው ገጽ ትንሽ ስለሆነ ያልፋል፤ ሪፖርቱ ይቀራል። ብራውዘሩም ግንኙነቱ አንዴ ስለተከፈተለት ወደ አይፒቪ4 አይመለስም።

ከሰርቨሩ ወደ አንዱ የቪፒኤን ተጠቃሚ በ1200 ባይት፣ ቀጥሎ በ1450 ፒንግ አድርግ። ትንሹ አልፎ ትልቁ ከቀረ፣ እሱው ነው።

ኬብል ጎታች፦
እሱው ነው! 1200 አለፈ፣ 1450 ዝም። ዓይነት 2ን ፈቀድኩ፣ ሪፖርቱ ተከፈተ። እግዜር ይስጥልኝ።

ግን ዛሬ ጠዋት ሌላ ነገር መጣ። አንዲት ባልደረባ ፓስወርድ አምስቴ ተሳሳተች። የተቆለፈው እሷ ብቻ ሳትሆን ክፍሉ በሙሉ ነው።

እህተ ኮድ፦
ሲስተሙ የሚቆልፈው በአድራሻ ከሆነ ዳታቤዙን እይ። አድራሻ የሚቀመጥበት ዓምድ ስንት ፊደል ይይዛል? 15 ከሆነ የተለካው ለአይፒቪ4 ነው፤ 255.255.255.255 ልክ 15 ነው። የአይፒቪ6 አድራሻ እስከ 39 ይሄዳል፣ አይፒቪ4 በውስጡ ሲጻፍ ደግሞ 45። ዳታቤዙ ሳይጮህ ከቆረጠው የሚተርፈው መጀመሪያው ነው። መጀመሪያው ደግሞ የኔትወርኩ ቁጥር ነው፤ ለክፍሉ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት፣ ስለዚህ አንዷ ስትቆለፍ ሁሉም ይቆለፋሉ።

እኔ ከኔትወርኩ ይልቅ የምፈራው ኮዱን ነው። አድራሻና ፖርት (ከአድራሻው ቀጥሎ የሚጻፈው የአገልግሎቱ ቁጥር) የሚለይበትንም ቦታ ፈልገው። በመጀመሪያዋ ሁለት ነጥብ (:) የሚቆርጥ ከሆነ ይሳሳታል፣ አይፒቪ6 ራሱ በሁለት ነጥብ የተሞላ ነውና። አድራሻውን በማዕዘን ቅንፍ ([ ]) ከተህ ነው ፖርቱን የምታስከትለው። 127.0.0.1 (ማሽኑ ራሱን የሚጠራበት የአይፒቪ4 አድራሻ) ኮዱ ውስጥ በእጅ የተጻፈበትንም አትለፈው።

ኬብል ጎታች፦
15 ነው። ወደ 45 አሰፋሁት፣ የተቆለፉትም ተከፈቱ። በእጅ የተጻፈ 127.0.0.1 ደግሞ እስካሁን አሥራ አንድ ቦታ አግኝቻለሁ፣ ሁለቱ ባክአፕ የሚወስደው ስክሪፕት ውስጥ ናቸው። ዛሬ ማታ ከነሱ እጀምራለሁ።