ሠራተኛው ከመሥሪያ ቤቱ የጤናና ደኅንነት ፕሮግራም በእርግጥ የሚፈልገው ምንድን ነው?

ጥያቄ፦ የሰው ሀብት ባለሙያ፣ አዲስ አበባ

ጤና ይስጥልኝ። ሦስት መቶ የሚጠጉ ሠራተኞች ባሉት አንድ የግል ድርጅት፣ በሰው ሀብት አስተዳደር ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። ማኔጅመንቱ ለመጪው የበጀት ዓመት ለሠራተኞች ጤናና ደኅንነት የሚውል ገንዘብ ስለመደበ የፕሮግራሙን ረቂቅ የማዘጋጀት ኃላፊነት ተሰጥቶኛል። እስካሁን በስብሰባ የተነሡት ሐሳቦች የጂም አባልነት ክፍያን በከፊል መሸፈን፣ በወር አንድ ቅዳሜ ማስ ስፖርት ማዘጋጀት እና በዓመት ሁለት ጊዜ ስለ ጭንቀት አያያዝ የሚያስተምር ባለሙያ መጋበዝ የሚሉ ናቸው።

ረቂቁ ከመጻፉ በፊት ለሠራተኛው መጠይቅ ተበትኖ ነበር። መጠይቁ የያዘው እነዚህን ሦስት አማራጮች ብቻ ስለነበር አብዛኛው ሰው «ስፖርት» በሚለው ላይ ምልክት አድርጎ መለሰ። ይሁን እንጂ እነዚሁ ሰዎች ቅጹን ለማስረከብ ወደ ቢሮዬ ሲመጡ የሚያነሡልኝ ጉዳይ ፈጽሞ ሌላ ነው፤ አንዱ ስላልተወራረደለት የሕክምና ደረሰኝ፣ ሌላው ማታ ቤቱ ስለሚደርስበት ሰዓት፣ ሌላዋ ደግሞ ጡት ስላልጣለው ልጇ ይነግሩኛል። በወረቀቱ ላይ ባለው መልስና በቃል በምሰማው መካከል ያለው ርቀት በጣም አሳስቦኛል። በተለያየ የሥራ መስክ ላይ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ መሥሪያ ቤታችሁ ለጤናችሁ ገንዘብ ቢመድብ በምን ላይ እንዲውል ትፈልጋላችሁ? በተግባር ተሞክሮ የጠቀማችሁ ነገር ካለም በዝርዝር ብትጽፉልኝ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ የባንክ ሠራተኛ፣ አዲስ አበባ

እህቴ፣ ልዩነቱን ማስተዋልዎ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። እኔ በምሠራበት ቅርንጫፍ የጂም ክፍያ ድጋፍ ካለ ቆይቷል፤ የሚጠቀምበት ግን ቤቱ ለቢሮው ቅርብ የሆነና ቤተሰብ ያልመሠረተ ጥቂት ሰው ነው። ከአያት ወይም ከቱሉ ዲምቱ ተነሥቶ መሀል ከተማ ለሚሠራ ሰው ከሥራ በኋላ የሚቀረው ሰዓት በታክሲ ሰልፍ ያልቃል፤ ጂም ለመግባትም ጉልበቱም ጊዜውም የለውም። ለእንዲህ ያለው ሠራተኛ ከሁሉ የሚበልጠው የጤና ድጋፍ ሰርቪስ ነው። በአዲስ አበባ የመንግሥት ሠራተኞች የፐብሊክ ሰርቪስ አውቶቡሶችን በነፃ ይጠቀማሉ፤ በግል ድርጅት ያለነው ግን አሠሪያችን ካላሰበልን ወጪውም እንግልቱም የራሳችን ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ሕክምና ነው፤ እርስዎም ስለ ደረሰኝ ሰምቻለሁ ስላሉ በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙ ድርጅቶች «የሠራተኛውን የሕክምና ወጪ እንሸፍናለን» ይላሉ። አሠራሩ ግን ሠራተኛው አስቀድሞ ከኪሱ ከፍሎ፣ የሐኪም ማዘዣውን፣ የላቦራቶሪ ውጤቱንና ማኅተም ያረፈበትን ደረሰኝ አያይዞ ለሰው ሀብት ክፍል ያስገባል፤ ከዚያ ወረቀቱ ወደ ፋይናንስ ይሄዳል፤ አንድ ማኅተም ከጎደለ ይመለሳል። የወር ደመወዙን ለቤት ኪራይ ከፍሎ የጨረሰ ሰው በ20ኛው ቀን ላይ ልጁ ቢታመምበት ለመክፈል የሚበቃ ብር አይኖረውም። ስለዚህ ወይ ይበደራል፣ ወይ ሕክምናውን ያዘገያል፣ ወይም ከመድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ ገዝቶ ይወጣል። ድርጅቱ ያው የተመደበውን ገንዘብ ይዞ ከሁለትና ከሦስት የጤና ተቋማት ጋር የዱቤ ሕክምና ውል ቢገባ፣ ሠራተኛው መታወቂያውንና የድርጅቱን ደብዳቤ አሳይቶ ይታከማል፤ ሒሳቡም በወር መጨረሻ በተቋማቱ መካከል ይወራረዳል። የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690 የወጣው በ2002 ዓ.ም. ሲሆን፣ አፈጻጸሙ እስኪሟላ መጠበቅ ለታመመ ሰው መፍትሔ አይሆንም።

ስለ ጭንቀት አያያዝ የሚሰጠውን ሥልጠናም አልቃወምም። ነገር ግን በእኛ ሙያ ሰኔ ሲገባ ሒሳብ መዝጋት አለና እስኪዘጋ ድረስ ምሽቱን ሁሉ ቢሮ ነን። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የትርፍ ሰዓት ሥራ በቀን ከአራት ሰዓት፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ በሥራ ብዛት ጊዜ ይህ ገደብ ሲከበር ያየሁት አልፎ አልፎ ነው። ሥልጠናው በዚያ ወቅት በምሳ ሰዓታችን ሲሰጥ ደግሞ ያለችንን ትንሽ ዕረፍት ወስዶ ስለ ዕረፍት አስፈላጊነት ያስተምረናል። ገደቡን አክብሩልን፣ ጭንቀታችን የሚቀንሰው በዚያ ነው።

መልስ፦ ነርስ፣ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ክሊኒክ

እኔ በፋብሪካ ክሊኒክ ውስጥ የምሠራ ነርስ ነኝ። ከቢሮ ሠራተኞች ጥያቄ የሚለየውን የእኛን ሁኔታ ላካፍላችሁ።

ወደ ክሊኒካችን የሚመጡት በአብዛኛው ከገጠር የመጡ፣ ዕድሜያቸው ከ20ዎቹ መጀመሪያ ያላለፈ ሴቶች ናቸው። ሦስትና አራት ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ፤ ኪራዩ ደመወዛቸውን ስለሚበላው ቁርስ ሳይበሉ ይገባሉ። ረፋድ ላይ ራሷን ስታ የወደቀች ልጅ በሥራ ባልደረቦቿ ተደግፋ ስትመጣ የደም ግፊቷን እለካለሁ፣ ስኳር በውኃ በጥብጬ እሰጣታለሁ፣ ከዚያ መጨረሻ የበላችው መቼ እንደሆነ እጠይቃታለሁ። መልሱ ብዙ ጊዜ «ትናንት ማታ» ነው።

ሌላው ተደጋግሞ የማየው የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነው። በስፌት መሥመሩ ላይ እያንዳንዷ ሠራተኛ በሰዓት የምታወጣው ቁጥር ተወስኖላታል፤ ወደ መጸዳጃ ቤት ለመሄድ ከሱፐርቫይዘሩ ካርድ መቀበል አለባት፤ ካርዱ ደግሞ ለመሥመሩ አንድ ብቻ ነው። ልጆቹ ካርድ ላለመጠየቅ ሲሉ ከጠዋት ጀምረው ውኃ አይጠጡም። አንቲባዮቲክ እሰጣቸዋለሁ፣ «ውኃ በደንብ ጠጡ» እላቸዋለሁ፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በዚያው ሕመም ይመለሳሉ። አንድ ጊዜ አመራሩ ስለ ግል ንጽሕናና ስለ ጭንቀት የሚያስተምሩ ባለሙያዎችን አመጣ። ትምህርቱ ጥሩ ነበር፤ ልጆቹም ተከታትለውታል። ከአዳራሹ ወጥተው የተመለሱት ግን ወደዚያችው አንዲት ካርድ ነው።

ለውጥ ያየሁበትን ጉዳይም ልጻፍ። በአንድ የምርት ክፍል ኃላፊው ከሱፐርቫይዘሮቹ ጋር ተነጋግሮ የካርዱን አሠራር አስቀረና በመሥመሩ ላይ ተተኪ ሠራተኛ መደበ። ከዚያ ክፍል ለዚሁ ሕመም ወደ እኔ የሚመጡት ሴቶች ቁጥር በግልጽ ቀነሰ። ወጪው የአንዲት ሠራተኛ ደመወዝ ነበር። ጠዋት ሥራ ከመጀመሩ በፊት ዳቦና ሻይ ይቅረብ የሚል ሐሳብም አቅርበናል፤ እስካሁን አልተፈቀደም፤ እኔ ግን መጠየቄን አልተውም።

ደመወዝንም ሳላነሣ አላልፍም። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛውን የደመወዝ ወለል የሚያጠና የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ይናገራል። የምትበላው ያጣችን ልጅ ጤንነት ከደመወዟ ለይቶ ማየት ለእኔ እንደ ጤና ባለሙያ አይቻለኝም።

መልስ፦ የሆስፒታል ሠራተኛ፣ ቨርጂኒያ

በአሜሪካ እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች ከተስፋፉ ብዙ ዓመት ስለሆናቸው ከተሞክሯቸው መማር ይቻላል። እዚህ አሠሪው ሠራተኛውን ስለ ጤንነቱ መጠይቅ ያስሞላል፣ የደም ግፊቱንና የኮሌስትሮል መጠኑን ያስለካል፣ ለሚሳተፍ ሰውም የጤና መድን ክፍያውን ይቀንስለታል። ሕጉ ከውጤት ጋር የተያያዘው ማበረታቻ እስከ መድኑ ወጪ 30 በመቶ እንዲደርስ ይፈቅዳል። ዝቅተኛ ደመወዝ ላለው ሰው ይህ ቅናሽ ከማበረታቻ ይልቅ ግዴታ ሆኖ ይሰማዋል።

ውጤቱስ? የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ 5,000 የሚጠጉ የዩኒቨርሲቲውን ሠራተኞች በዕጣ ከፋፍለው አጠኑ። ፕሮግራሙ የሕክምና ወጪንም ሆነ የሠራተኛውን ልማድ ይህ ነው በሚባል ደረጃ አልለወጠም፤ በፈቃዳቸው የተሳተፉት አስቀድሞም ጤናማ የነበሩና አነስተኛ የሕክምና ወጪ ያላቸው ሆነው ተገኙ። ዚሩዪ ሶንግ እና ካትሪን ቤይከር በ2019 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት፣ በአንድ ትልቅ የመደብር ሰንሰለት ወደ 33,000 የሚጠጉ ሠራተኞች ላይ የተደረገው ጥናትም ተመሳሳይ ነገር አሳየ። ከ18 ወራት በኋላ ሰዎቹ ስፖርት በመሥራትና ክብደታቸውን በመቆጣጠር ረገድ መሻሻላቸውን ቢናገሩም የደም ግፊታቸው፣ ኮሌስትሮላቸውና ከሥራ የሚቀሩበት ቀን ከሌሎቹ አልተለየም። በብሪታንያ ደግሞ የኦክስፎርዱ ዊሊያም ፍሌሚንግ ከ46,000 በላይ ሠራተኞች የሰጡትን መልስ መርምሮ በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ የጭንቀት አያያዝ ሥልጠናና የሞባይል መተግበሪያ የተሰጣቸው ሰዎች ካልተሰጣቸው የተሻለ ደኅንነት እንደሌላቸው ጽፏል። ለየት ያለ መልካም ምልክት ያገኘው በበጎ ፈቃድ ሥራ ላይ ብቻ ነበር።

ስለዚህ ማኔጅመንታችሁ «ውጭ አገር እንዲህ ይደረጋል» የሚል ክርክር ካነሣ፣ ውጭ አገር ተደርጎ የተገኘው ውጤት ይህ መሆኑን ማሳየት ይችላሉ። በሥራ ቦታዬ የጠቀመኝ ነገር ቢኖር የፈረቃ ፕሮግራማችን ቀደም ብሎ መለጠፉ ነው። ቀጣዩ ወር እንዴት እንደሚሆን ካወቅሁ እንቅልፌንም፣ ልጆቼንም፣ ቤተ ክርስቲያን የምሄድበትንም ቀን አስተካክላለሁ።

መልስ፦ የምክር አገልግሎት ባለሙያ፣ አዲስ አበባ

ስለ አእምሮ ጤና አንድ ነገር ላክል። የምክር አገልግሎት ከፍታችሁ ማንም ካልመጣ «ሠራተኛው አይፈልግም» ብላችሁ አትደምድሙ። በአንድ ድርጅት አማካሪዋ የተሰጣት ክፍል ከሰው ሀብት ኃላፊው ቢሮ ጋር የሚያገናኝ በር ነበረው፤ ወደ እርሷ ለመሄድ የቅርብ አለቃው የፈረመበት የፈቃድ ወረቀት ያስፈልግ ነበር። ትዳሩ የተናጋበት ወይም በሱስ የሚቸገር ሰው ወረቀቱን ለአለቃው አያስፈርምም። በእኛ አገር የአንድ ሰው ችግር በመሥሪያ ቤት ከተሰማ ሰፈሩም እድሩም መስማቱ አይቀርም፤ ሠራተኛው ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። አማካሪው ከድርጅቱ ውጭ ይሁን፣ ቀጠሮው በስልክ ይያዝ፣ ለድርጅቱ የሚደርሰውም የተገልጋዮች ቁጥር ብቻ እንጂ ስም አይሁን።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ያወጣው በሥራ ቦታ የአእምሮ ጤናን የሚመለከት መመሪያም የሥራ ጫናንና የሥራ አደረጃጀትን ማስተካከልን እንዲሁም የኃላፊዎችን ሥልጠና ይመክራል። ገንዘቡ ለአንድ ሥልጠና ብቻ የሚበቃ ከሆነ ሠልጣኞቹ የክፍል ኃላፊዎቹ ቢሆኑ እመርጣለሁ።

መልስ፦ የሁለት ልጆች እናት

ሕጉ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ይሰጣል። ሐኪም ደግሞ ሕፃኑ እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ ይጥባ ይላል። የመንግሥት ሠራተኞችን ይመለከት የነበረው አዋጅ ቁጥር 1064/2010 መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ያዝዝ ነበር፤ በግል ድርጅት የምንሠራው የእኛ አሠሪዎች ግን ይህ ግዴታ አልተጣለባቸውም። እኔ ወተቴን የማልበው ስቶር ውስጥ፣ በወረቀት ካርቶኖች መካከል ቆሜ ነው፤ በሩ ከውስጥ ስለማይቆለፍ አንዲት ጓደኛዬ ውጭ ትጠብቀኛለች። የምጠይቀው ቁልፍ ያለው ክፍል፣ ወንበርና ትንሽ ፍሪጅ ነው። እባክዎን ይህን በረቂቁ ውስጥ ያስገቡልን።

ጠያቂዋ፦

ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ። የዱቤ ሕክምና ውሉን፣ ሰርቪሱንና የጡት ማጥቢያ ክፍሉን በረቂቁ ላይ አስፍሬያለሁ፤ ማስ ስፖርቱም ለሚፈልጉ ሰዎች ይቀጥላል። የቀረኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ ማኔጅመንቱ ሲቀያየር ወይም ገበያው ሲቀዘቅዝ ይህ ሁሉ እንዳይሰረዝ ምን ማድረግ ይቻላል?

መልስ፦ የሠራተኛ ማኅበር ተወካይ

ሠራተኛ ማኅበር ካላችሁ በኅብረት ስምምነቱ ውስጥ አስገቡት። በማኔጅመንት ውሳኔ የተሰጠ ጥቅም በማኔጅመንት ውሳኔ ይነሣል፤ በኅብረት ስምምነት የተጻፈ ግን ድርድር ይጠይቃል። ማኅበር ከሌላችሁም ከአሥር ሠራተኞች ጀምሮ ማቋቋም በሕግ የተፈቀደ ነው።

በተጨማሪም አዲስ ወጪ የማይጠይቀውን አትርሱት። የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፤ ለእያንዳንዱ ሁለት ዓመት ተጨማሪ አገልግሎትም አንድ ቀን ይጨመርበታል። ማስተላለፍ ቢፈቀድም ከሁለት ዓመት ሊበልጥ አይችልም። በየክፍሉ ፈቃዱ የተጠራቀመበት ሰው ማን እንደሆነ እርስዎ ከፋይል ላይ ያውቁታል። እነዚህ ሰዎች በዚህ ዓመት ዕረፍት እንዲወጡ ፕሮግራም ይውጣላቸው፤ ሲወጡም ስልክ እየተደወለ ሥራ አይታዘዙ።

በመጨረሻም የጥበቃና የጽዳት ሠራተኞቻችሁ በኤጀንሲ የተቀጠሩ ከሆነ በሦስት መቶው ውስጥ አልተቆጠሩም ማለት ነው፤ መጠይቁም አልደረሳቸውም። ከሁሉ ቀድመው የሚገቡት፣ ከሁሉ ያነሰ የሚከፈላቸው እነርሱ ናቸው። ከኤጀንሲው ጋር ያላችሁ ውል ሲታደስ ሰርቪሱም፣ ምሳውም፣ ሕክምናውም እነርሱን እንዲጨምር አንድ አንቀጽ ይግባበት።