በሶብላ፣ ኮሰረት፣ ጦስኝና ጌሾ፦ ከየት ይገዛ? እንዴት ደርቆ ይቀመጥ? (ጥቆማ)

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ለቅቤ ማንጠሪያና ለሽሮ በሶብላና ኮሰረት፣ ለሻይ ጦስኝ፣ ለጠላ ደግሞ ጌሾ መግዛት እፈልጋለሁ። የተፈጨው እሽግ፣ ገበያ ላይ በእስር የሚሸጠው፣ ወይስ እርጥቡን ገዝቶ ቤት ማድረቅ፣ የቱ ይሻላል? ሽታው ዓመቱን ሙሉ እንዲቆይ ምን ይደረግ? የምታውቁ ጠቁሙኝ።

ጥቆማ 1

ልጄ፣ በሶብላና ኮሰረት ያልተፈጨውን ግዢ። የተፈጨ እሽግ በዚያው ወር የሚያልቅ ካልሆነ አልመክርሽም። የእነዚህ ቅጠሎች ሽታ ያለው በገጻቸው ላይ በተሰካኩ፣ በዓይን በማይታዩ የዘይት ከረጢቶች ውስጥ ነው። ሲፈጭ ከረጢቱ ይፈርጥና ዘይቱ መትነን ይጀምራል። በደንብ የተያዘ ያልተፈጨ በሶብላ እስከ ቀጣዩ አዝመራ ያደርሳል፤ የተፈጨው ግን በሁለት በሦስት ወር ገለባ ገለባ ይላል። ደግሞም አንዴ ከተፈጨ ግንዱ ስንት፣ አበባው ስንት እንደሆነ ማን ያውቃል?

ገበያ ስትሄጂ እስሩን ከላይ አይተሽ አትግዢ። ፍቺውና መሃሉን እዪው። እርጥብ ሳለ ተጠቅጥቆ የታሰረ እስር የሚሻግተው ከመሃል ነው፤ ግራጫ ወይም ነጭ ድር የመሰለ ነገር ካየሽ ተይው። ጥሩ በሶብላ አበባውና ፍሬው ከግንዱ ጋር አለ፣ ትንንሾቹ ጥቁር ፍሬዎች በጣት ሲታሹ ይረግፋሉ። ግንዱን ስበሪው፤ ቀጭ ብሎ መሰበር አለበት። ከተለመጠ ገና ውሃ አለበት፣ በኪሎ ስትገዢ የምትከፍዪውም ለውሃው ነው። ከዚያ ጥቂቱን በመዳፍሽ እሺና አሽትቺ፦ ሽታው ወዲያው መምጣትና እጅሽ ላይ መቆየት አለበት። የድርቆሽ ሽታ ብቻ ካለው ፀሐይ የበላው ነው። የምድር ቤት ሽታ ካለው እርጥበት ያገኘው ነው።

ኮሰረት ላይ የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የዱር ዘመዱ ከሴ ሲደርቅ በቅጠል መልክ በጣም ይቀራረባል። ከሴ ለዕቃ ማጠቢያና ማጠኛ የሚሆን እንጂ ለክትፎ ቅቤ የሚሆን አይደለም። በዓይን ለመለየት ከመድከም ማሸተት ይሻላል፦ ኮሰረት ጣፋጭነት ያለው፣ ለስለስ ያለ ሽታ አለው። እሱ ከሌለ፣ የሚያቃጥልና የሚከረክር ሽታ ብቻ ከመጣ፣ አትውሰጂው።

ቦታ ለጠየቅሽው፦ ትንሽ ለሚፈልግ ሾላ ገበያ ይመቻል፣ እስር አስፈትቶ መምረጥ ይቻላል። ለድግስ ወይም ለባልትና በብዛት የሚገዛ መርካቶ በርበሬ በረንዳ አካባቢ ይዙር። ከቦታው ይልቅ ግን ወሩ ይወስናል። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው አዲሱ ምርት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የምታገኚው ያምናው ነው፣ ያውም የክረምቱን እርጥበት የጠጣ። የዓመቱን በበጋ መግዛት ነው።

ጥቆማ 2

እትዬ ከላይ የጻፉት ትክክል ነው። እኔ ግን እርጥቡን ማግኘት ለሚችል ሰው ቤት ማድረቅን አስቀድማለሁ። ዓመቱን ሙሉ የሚኖረው ሽታ የሚወሰነው በማድረቂያው ሳምንት ነው፤ ሌላ ሰው ያደረቀውን ሲገዙ ያቺ ሳምንት እንዴት እንዳለፈች አይታወቅም።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንይ። እርጥብ በሶብላ ከክብደቱ 80 በመቶው ውሃ ነው ብንል፣ ውሃው 10 በመቶ እስኪደርስ ሲደርቅ ከ1 ኪሎ የሚቀረው 220 ግራም ገደማ ነው። ግንዱ ሲወጣ ከዚያም ያንሳል። ስለዚህ «ርካሽ ነው» ተብሎ የሚገዛ እርጥብ ሁልጊዜ ርካሽ አይደለም፤ ዋጋውን በአምስት አባዝቶ ከደረቁ ጋር ማስተያየት ነው።

የሚቆረጠው ጠዋት፣ ጤዛው ከረገፈ በኋላ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ ነው። ጤዛ ያለበት ቅጠል ሲደርቅ ይጠቁራል። አቧራ ካለው ከነግንዱ በውሃ አለቅልቆ ማራገፍና ንጹሕ ጨርቅ ላይ ማጠንፈፍ፤ ከደረቀ በኋላ ማጠብ የለም።

ከ10 እስከ 15 ዘንግ አንድ ላይ፣ ከአውራ ጣት ባልወፈረ እስር። ከዚያ ከበዛ መሃሉ አየር አያገኝም። ግንዱ ሲደርቅ ስለሚቀጥን እስሩ ይላላና ይወድቃል፤ በክር ከታሰረ በሦስተኛው ቀን ማጥበቅ፣ በላስቲክ ከታሰረ ራሱ ይይዘዋል። አናቱን ወደ ታች አድርጎ፣ ከግድግዳ ራቅ አድርጎ፣ በእስርና በእስር መካከል አንድ ስንዝር ትቶ መስቀል። ከሥር ንጹሕ አንሶላ ይነጠፍ፣ የሚረግፈው ፍሬና አበባ ከሁሉ የበለጠ ሽታ ያለው ክፍል ነው።

ጥላ ያለው፣ ነፋስ የሚያልፍበት ክፍል ያስፈልጋል። ቆርቆሮ ጣራ ላይ ማስጣት ብዙ ቤት የሚሠራ ስህተት ነው። ቆርቆሮው በቀትር እጅ አያስነካም፣ ዘይቱ ከውሃው ጋር አብሮ ይሄዳል፣ አረንጓዴውም ቀለም ይነጣል። በሁለት ቀን ደረቀ ተብሎ ደስ ይላል፤ ቅቤ ውስጥ ሲገባ ግን ሽታ የለም። ማድ ቤት መስቀልም እንዲሁ፣ ጭስና የሽንኩርት እንፋሎት ይጠጣል።

በሶብላና ኮሰረት በአዲስ አበባ የኅዳር አየር ከ5 እስከ 8 ቀን ይፈጅባቸዋል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ይጠወልጋሉ። በሦስተኛው በአራተኛው ቀን ቅጠሉ ጠርዝ ጠርዙ ይንኮሻኮሻል፣ ግንዱ ግን ገና ይለመጣል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያወርደዋል፣ የሚሻግተውም ይኸው ነው። ግንዱ ቀጭ ሲል ብቻ ይውረድ።

ጦስኝ አጭር ስለሆነ አይታሰርም፤ ወንፊት ወይም ሰፌድ ላይ ሳስቶ ተበትኖ፣ በቀን አንዴ እየተገለበጠ ከ3 እስከ 5 ቀን ይበቃዋል። ሲገዛ ከነሥሩ የተነቀለውን አለመግዛት ነው። አፈር ይዞ ስለሚመጣ ሻዩ ያንሸዋሽዋል፤ ከዚያ የከፋው ደግሞ ተክሉ ተመልሶ አያቆጠቁጥም። ጦስኝ የሚበቅለው በደጋው፣ በመንዝና በጣርማ በር፣ በሰሜን ተራሮችና በባሌ ነው፤ ሁሉም ከነሥሩ ከገዛ ለነገ አይተርፍም። በማጭድ ወይም በመቀስ የተቆረጠውን የሚያመጡ ሻጮች አሉ፣ ትንሽ ቢወደድም ከእነሱ ይገዛ።

ጤና አዳም የሚያደርቅ ካለ አንድ ነገር፦ በፀሐይ ሰዓት በባዶ እጅ አትቁረጡት። ጭማቂው ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው ውሃ ያስቋጥራል።

ጥቆማ 3

ማድረቁ ላይ ሁሉም ተጽፏል። የቀረው ማሳደሩ ነው፣ እኔ እንደማየው ትልቁ ልዩነት ያለው እዚህ ነው።

ግንዱ ቀጭ ካለ በኋላም ቢሆን ውስጡ ትንሽ ውሃ ይቀራል። ወዲያው ተጠቅጥቆ ቢታሸግ ያ ውሃ ወደ ቅጠሉ ይወጣና ይሻግታል። ስለዚህ ቅጠሉንና አበባውን ከወፍራሙ ግንድ ለይታችሁ፣ ሳትፈረፍሩ፣ ክዳኑ ጥብቅ በሆነ የብርጭቆ ጠርሙስ ሦስት አራተኛ ድረስ ሙሉ። አትጠቅጥቁ። ዘግታችሁ አንድ ቀን አሳድሩት። በማግስቱ ክፈቱና እጃችሁን ክተቱ፦

ቅጠሉ እንደትናንቱ ከተንኮሻኮሸ ደህና ነው። መልሶ ከለሰለሰ አውጥታችሁ ለግማሽ ቀን በጥላ በትኑትና እንደገና አሳድሩት። ጠርሙሱ ላይ ላብ ከታየ ቶሎ ቀድማችሁታል፣ አንድ ሙሉ ቀን ይበተን። የሚጎመዝዝ ወይም ሽንት ሽንት የሚል ሽታ ከወጣ ግን መበላሸት ጀምሯል፣ ይጣል። ፀሐይ ላይ አውጥቶ ማዳን አይቻልም፤ ሻጋታ የሚተወው መርዝ በዓይን አይታይም፣ ቅቤ ማንጠሪያው እሳትም አያጠፋውም።

እንዲህ እያላችሁ ለአንድ ሳምንት በቀን አንዴ ለአሥር ደቂቃ ክፈቱት። ከዚያ ዘግታችሁ ጨለማ ቁም ሣጥን ውስጥ ለሁለት ሳምንት ተዉት። አዲስ የደረቀ ቅጠል ላይ ያለው የሣር ሽታ በዚህ ጊዜ ይሄዳል፣ የቅመሙ ሽታ ጎልቶ ይቀራል። ከዚያ ወዲያ ግን ማስረጀት ምንም አይጨምርም፤ «የከረመ በሶብላ ይጣፍጣል» የሚባለውን አልቀበልም። በከፈታችሁት ቁጥር ሽታው ስለሚያመልጥ የወሩን በትንሽ ጠርሙስ ቀንሳችሁ ትልቁን አትንኩት።

በእጅ መለየት ለሚከብደው ትንሿ የእርጥበት መለኪያ ጥሩ ናት፣ ጠርሙስ ውስጥ ትገባለች። ከ55 እስከ 60 በመቶ ካሳየች ጥሩ ነው። 65 ካለፈች ይበተን። ስትገዟት አትመኗት፦ የጠርሙስ ክዳን ላይ የገበታ ጨው አድርጋችሁ ጠብታ ውሃ ጨምሩ፣ እንደ እርጥብ አሸዋ ይሁን፣ ሟሙቶ አይለቅ። ከመለኪያዋ ጋር አንድ ጠርሙስ ውስጥ ዘግታችሁ አሳድሩ። 75 ማሳየት አለባት። 70 ካለች ሁልጊዜ 5 አሳንሳ እንደምታነብ ዕወቁ።

ዕቃን በተመለከተ፦ የማር ወይም የቡና ብርጭቆ ጠርሙስ አንደኛ፣ ክዳኑ የሚጠብቅ ንጹሕ ጣሳ ሁለተኛ። ፌስታል በጭራሽ፣ ስስ ፕላስቲክ ሽታ ያሳልፋል፤ ቁም ሣጥኑ በሶብላ በሶብላ ከሸተተ የሄደው ሽታ የእናንተው ነው። ማዳበሪያና ጆንያ ለጌሾ እንጂ ለእነዚህ አይሆኑም። በርበሬ የነበረበት ዕቃ ደግሞ ቢታጠብም ክዳኑ ሽታውን አይለቅም።

ተጨማሪ ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ተባይ ቢገባበትስ? ወፍጮ ቤት ማስፈጨትስ እንዴት ነው?

ጥቆማ 3 (መልስ)

ለተባይ፣ በደንብ የደረቀውን ከነጠርሙሱ ፍሪዘር ውስጥ ለሦስት ቀን ማስቀመጥ። ሲወጣ ሙሉ በሙሉ እስኪሞቅ አይከፈት፤ ቀዝቃዛው ቅጠል የክፍሉን እርጥበት ይስባል፣ የደከማችሁበት ሁሉ ይጠፋል።

ወፍጮ ቤት ለበርበሬና ለሽሮ እንጂ ለበሶብላ ብቻውን አልመክርም። ድንጋዩ ይግላል፣ ከፊታችሁ የተፈጨው የሌላ ሰው ነገርም ይቀላቀላል። ከሽሮ እህል ጋር አብሮ የሚፈጭ ከሆነ ግድ ነው፣ ያኔ ጠዋት ወፍጮው ሳይግል መድረስ። ለቅቤ ግን መፈጨትም አያስፈልገው፦ ለ1 ኪሎ ቅቤ በጣት የተፈረፈረ አንድ የሾርባ ማንኪያ ኮሰረት፣ ያንኑ ያህል በሶብላ፣ አረፋው ሲረጋ ጨምሮ በቀስታ እሳት። ተጠልሎ ስለሚወጣ ዱቄት ከሆነ ቅቤውን ያደፈርሰዋል። ሽታው የሄደ ቅጠል የያዘ ሰው መጠኑን በእጥፍ ይጨምራል፣ ቅቤውም ይመርራል፣ ሽታ ግን አይጨምርም።

ጥቆማ 4

ጌሾን ማንም ስላልነካው። ከላይ ያለው የጥላ ሕግ ለጌሾ እምብዛም አይሠራም። ከጌሾ የምንፈልገው ምሬቱን ነው፣ ምሬት ደግሞ እንደ በሶብላ ሽታ በሙቀት የሚተን አይደለም። ቅጠሉ ሰሌን ላይ ተሰጥቶ፣ እየተገለበጠ፣ በሁለት በሦስት ቀን ፀሐይ ይደርቃል። ማታ ማታ መግባት አለበት፣ ጤዛ ካገኘው ይጠቁራል።

ሲገዛ ለጠላ ቅጠሉን፣ ለጠጅ እንጨቱን። የዘንድሮ ቅጠል አረንጓዴነቱ አለ፣ የቆየው ይቦናል። ግን ቀለም ብቻ አይታመን፣ ሌላ ቅጠል የሚቀላቅሉ አሉ። አንድ ቅጠል ማኘክ ነው፦ ምሬቱ ቶሎ መጥቶ ምላስ ላይ ይቆያል። ሦስት አራት ቅጠል ከተለያየ ቦታ ይቀመስ፣ አንዱ መርሮ ሌላው ባዶ ከሆነ ድብልቅ ነው። እንጨቱ ቅርፊቱ ያልተላጠ፣ ከጣት ያልወፈረ ይሁን። ተወቅጦ የሚሸጠውን ጌሾ በበኩሌ አልገዛም፣ ሙቀጫ ከሌለ ሻጯ ፊት ለፊት እንድትወቅጥ መጠየቅ ይቻላል።

ተጨማሪ ጥያቄ፦ ውጭ አገር ላለነውስ?

ጥቆማ 2 (መልስ)

አውሮፓና አሜሪካ በክረምት ማሞቂያው አየሩን እጅግ ያደርቀዋል፤ በሁለት ቀን ላዩ ይንኮሻኮሽና ግንዱ እርጥብ ይቀራል። ማሞቂያ በሌለበት ክፍል ስቀሉት። የኤሌክትሪክ ማድረቂያ ያላችሁ 35 ዲግሪ ላይ አድርጉት፣ ከ40 አትለፉ። የኩሽና ምድጃ ዝቅተኛው ሙቀቱም ለዚህ ብዙ ነው። ዓረብ አገር ያላችሁ በበጋ ደጅ አታስጡ፤ ኤሲ ያለው ክፍል ይበልጣል፣ ቀዝቃዛ ነፋሱ ፊት ለፊት እንዳይመታው ብቻ።

ከአገር ቤት የምታስመጡ ያልተፈጨውን በጠርሙስ ወይም በወፍራም እሽግ አስልኩ። ወደ አሜሪካ የምትገቡ ማንኛውንም የተክል ውጤት ለጉምሩክ አስታውቁ፤ አፈር የያዘ ጦስኝና ሥር ያለው ነገር አትያዙ። ደርሶ ሲከፈት ከለሰለሰ ወደ ጠርሙስ ከመግባቱ በፊት ለግማሽ ቀን ይበተን፣ ከዚያ ከላይ እንደተጻፈው እንደ አዲስ ይደር።