«ከአድዋ የተማረከ ነው» የተባለ ሳንጃና የጥይት ቦርሳ፦ በምን ልለየው?

ሐይቅ ዳር (ሐዋሳ)

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ሐዋሳ አንድ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ሦስት ዕቃ አቅርቦልኛል፤ ነጥዬ አልሸጥም ይላል። «ሦስቱም አድዋ ላይ ከጣልያን የተማረኩ ናቸው» ነው የሚለው። የመጀመሪያው አጭር ሳንጃ ከቆዳ አፎት ጋር ነው፤ ጠቅላላ ርዝመቱ 41 ሴ.ሜ. ግድም፣ ስለቱ ብቻውን 30፣ እጀታው እንጨት፣ ከስለቱ ሥር «ቴርኒ» ተብሎ የሚነበብ የላቲን ማኅተም አለበት። ሁለተኛው 64 ሴ.ሜ. የሚሆን ረጅም ሳንጃ ሲሆን የእጀታው ጫፍ ነሐስ፣ አፎቱ ብረት ነው፤ ስለቱ ላይ ሞዓ አንበሳ ተቀርጿል። ሦስተኛው ግራጫ አረንጓዴ ቀለም ያለው ጥንድ የቆዳ የጥይት ቦርሳ ነው። ትክክለኛ መሆናቸውን በምን አረጋግጣለሁ? ሳንጃዎቹ ዝገት ስላለባቸውስ ላጽዳቸው ወይስ ልተዋቸው?

አፎት (አዳማ)

በመጀመሪያ አታጽዳ። ብርጭቆ ወረቀት፣ ሞላ (የብረት መሳያ ድንጋይ)፣ ሎሚ፣ ኮካ ኮላ፣ አንዳቸውም አይንኩት። ጥቁር ቡናማው የቆየ ዝገት ዋናው ማስረጃህ ነው። አሲድ ካነሳው ብረቱ ግራጫ ሆኖ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ አሮጌውን ከአዲሱ ማንም ሊለይልህ አይችልም።

የነጋዴውን ታሪክ ለጊዜው ወደ ጎን አድርገውና ዕቃውን ብቻ አንብብ። ከአንድ ቶርኖ ቤት ካሊፐር (ስፋት መለኪያ) ተውሰህ የአፈሙዝ ቀለበቱን፣ ማለትም በጠመንጃው አፈሙዝ ላይ የሚጠልቀውን ቀለበት፣ የውስጥ ስፋት ለካ። ሳንጃ የሚሠራው ለአንድ ዓይነት ጠመንጃ አፈሙዝ ስለሆነ ከማኅተሙ ይልቅ ይህ ቁጥር ይታመናል፤ ማኅተም በኋላ ሊመታ ይችላል፣ ቀለበት ግን ሳይበላሽ አይለወጥም። 13.7 ሚሊሜትር አካባቢ ከሆነና ስለቱ 30 ሴ.ሜ. ከሆነ የጣልያኑ ካርካኖ ሞዴል 91 ጠመንጃ ሳንጃ ነው። 15 ከገባ ለበን፣ 17.8 አካባቢ ከሆነ ደግሞ ውጅግራ (ሁለቱም የፈረንሳይ ጠመንጃዎች ናቸው) መሆኑን መጠርጠር ነው። ለበንን በዓይንም ትለየዋለህ፤ ስለቱ እንደ መርፌ ቀጭን፣ ተቆርጦ ሲታይ የመስቀል ቅርጽ ያለው ነው።

ገለጻህ ከካርካኖ ጋር ይስማማል፤ ቴርኒም የጣልያን መንግሥት የጦር መሣሪያ ፋብሪካ የነበረባት ከተማ ናት። ነገር ግን ካርካኖ እ.ኤ.አ. በ1891 ቢጸድቅም በየካቲት 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ የጣልያን ወታደር በብዛት የያዘው 10.35 ሚሊሜትሩን ቬተርሊ ጠመንጃ ነበር። የቬተርሊ ሳንጃ ስለቱ 52 ሴ.ሜ. ይጠጋል፤ ገበያ ላይ የሚታየው አጭሩ ከረጅሙ ተቆርጦ የተሠራ ነው። ስለዚህ የ30 ሴ.ሜ. ሳንጃ እውነተኛ ሆኖ የ1928ቱ ወረራ ቅሪት የመሆን ዕድሉ እጅግ ይበልጣል። ይህ ዋጋ ቢስ አያደርገውም፤ የአድዋ ዋጋ ግን አይከፈልበትም። ስለቱ 18 ሴ.ሜ. ብቻ የሆነ አጭር የጣልያን ሳንጃ ይዞ «አድዋ» ለሚልህማ መልሱ አጭር ነው፤ ያ ሞዴል እ.ኤ.አ. የ1938 ነው።

ረጅሙ ይበልጥ ያጓጓል። ስለቱ ቀጥ ያለ፣ ጀርባው ሰፊና ጠፍጣፋ ሆኖ ወደ ስለቱ የሚሳሳ፣ እጀታው ከእንጨትና ከነሐስ ከሆነ የፈረንሳዩ ውጅግራ ሞዴል 1874 ነው። ስለቱ የተጠማዘዘና እጀታው በሙሉ ነሐስ ከሆነ ግን ቀዳሚው ሻስፖ ነው፤ ሻጮች ሁለቱን ሁልጊዜ ያደባልቃሉ። ውጅግራ ሲሆን ደግሞ «ከጣልያን የተማረከ» የሚለው ይፈርሳል፤ ውጅግራ በብዛት የነበረው በምኒልክ ሠራዊት እጅ ነው። አድዋ ደርሶ ከሆነ እንኳ የእኛው ወገን መሣሪያ ነበር ማለት ነው። ከጀርባው ላይ በጥልፍልፍ የእጅ ጽሑፍ የፋብሪካው ስም፣ ወሩና ዓመቱ ይኖራል፤ ሴንት ኤቲየን፣ ሻቴልሮ ወይም ቱል። በመስቀለኛው (በእጀታውና በስለቱ መካከል ባለው አግድም ብረት) ላይ ያለው ቁጥር ከአፎቱ ቁጥር ጋር መግጠሙንም እይ። ካልገጠመ ሐሰተኛ ነው ማለት አይደለም፤ ከሁለት የተገጣጠመ ነው፣ ዋጋው ይቀንሳል።

ዝናር

ስለ ቆዳው እኔ ልጨምር። ግራጫ አረንጓዴው የጣልያን ጦር ቀለም ከአድዋ ከአሥር ዓመት በላይ ዘግይቶ የመጣ ነው። ቦርሳው ቀለሙ ኦሪጅናል ከሆነ አድዋን አላየም፤ በዚህ ጉዳይ ክርክር የለም። ክዳኑን ገልብጠህ ከውስጥ የፋብሪካ ማኅተምና ዓመት ፈልግ። ከዓመቱ ጎን የሮማ ቁጥር ካለ የፋሺስት ዘመን አቆጣጠር ነው። ቁጥሩ ላይ 1921 ደምር፤ ለምሳሌ አሥራ አራት ከሆነ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 28 ቀን 1935 ጀምሮ ያለው ዓመት ነው፣ ወረራው ከተጀመረ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የገባው ማለት ነው።

የስፌቱን ክር ሱቆች ሐሰተኛ ብር በሚለዩበት ሰማያዊ መብራት በጨለማ ተመልከት። አሮጌ የጥጥና የተልባ ክር ደብዛዛ ይሆናል፤ ዘመናዊ ክር ነጭ ሰማያዊ ሆኖ ያበራል። ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል፤ አሮጌ ዕቃ በኦሞ ከታጠበ እሱም ያበራል፤ በተለይ የሸራ ዝናር ላይ ይህ ብዙ ሰው ያሳስታል። ከተጠራጠርክ ተበጥሶ ከተንጠለጠለ ጫፍ ሁለት ሚሊሜትር ቆርጠህ በክብሪት አቃጥል። ጥጥ ዐመድ ይሆናል፣ ሰው ሠራሽ ቀልጦ ጠንካራ እንክብል ይሠራል። በክሩ ብቻ ግን አትፍረድ፤ አሮጌ ቆዳ በአዲስ ክር ሊጠገን ይችላል። የመርፌው ቀዳዳ የተለጠጠና ሁለት ረድፍ ከሆነ ጥገና ነው።

ቆዳው ሲነካ ቀይ ዱቄት የሚያራግፍ ከሆነ ከውስጥ በአሲድ ተበልቷል፤ አይመለስም። እባክህ ቅቤ አትቀባው። ለጋ ቅቤ ለስላሳ ያደረገው ይመስላል፤ ከወራት በኋላ ይከረፋል፣ ነፍሳት ይስባል፣ የነሐስ ቁልፎቹ ዙሪያም አረንጓዴ ዝገት ይፈጥራል። ያንን አረንጓዴ በእንጨት ስንጥር ፋቀው፣ በብረት አይሆንም።

ሐይቅ ዳር (ሐዋሳ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለካሁ። የአጭሩ ቀለበት 13.7፣ የረጅሙ 17.8 ነው። የረጅሙ ስለት ቀጥ ያለ ነው፤ ጀርባው ላይ ግን ምንም ጽሑፍ አላገኘሁም። የአንበሳው መስመሮች ውስጣቸው ያበራል። ሌላ ደግሞ ቦርሳው ውስጥ ሁለት የዛጉ ጥይቶች አገኘሁ፤ ነጋዴው «ማስዋቢያ ናቸው፣ አብረህ ውሰድ» አለኝ።

አፎት (አዳማ)

ከጥይቱ ልጀምር፤ አትውሰድ። ጥይት ስንት ዓመት ቢቆይ ሊተኩስ ይችላል፤ የዛገ ቀለህ ደግሞ የባሰ ነው። አትወልውል፣ አትንቀል፣ ኪስህ ውስጥ አትክተት። ያለ ፈቃድ መያዙ በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያስጠይቃል። ነጋዴው ራሱ ለፖሊስ ያሳውቅና ይረከቡት፤ አንተ ቦርሳውን ባዶ ሆኖ ስታየው ብቻ ተነጋገር።

ስለ ረጅሙ፦ ጽሑፉ ጠፋ ማለት ብዙ ጊዜ በሞላ ተፍቋል ማለት ነው። በጨለማ ክፍል የስልክህን መብራት ከጎን፣ ከጀርባው ጋር አስተኝተህ አብራበት፤ የጽሑፉ ጥላ ሊታይህ ይችላል። የጀርባው ጠርዞች ስል ካልሆኑና እንደ ሳሙና ከተለሰኑ ተፍቋል። አንበሳው ግን መልሱን ራሱ ሰጥቶሃል። ከመቶ ዓመት በፊት የተቀረጸ መስመር ውስጡም እንደ ቀሪው ብረት ይጠቁራል። ውስጡ ካበራ መስመሩ ዝገቱን ቆርጦ አልፏል፤ ቅርጹ ከዝገቱ በኋላ መጥቷል ማለት ነው። ዋጋ ለማስወደድ የተጨመረ ነው፤ ሳንጃው እውነተኛ ሆኖ ሳለ ተበላሽቷል፣ ያሳዝናል።

እጀታውንም አጣራ። ነሐሱን በማግኔት ሞክር፤ ከያዘ ነሐስ የተቀባ ብረት ነው። ከኦሪጅናል ላይ ቅርጽ ተወስዶ የተፈሰሰ ነሐስ ሲቀዘቅዝ 1.5 በመቶ ያህል ስለሚኮማተር 100 ሚሊሜትር መሆን ያለበት 98.5 ይሆንብሃል፤ ጥቃቅን የአየር ቀዳዳና የቅርጽ ስፌትም ይታያል። በመዶሻ የተመታ ማኅተም ዙሪያው ትንሽ ከፍ ይላል፤ ከቅርጽ ጋር የፈሰሰው ጠርዙ ድብልብል ነው።

ዝናር

ለአቀማመጡ፦ ሳንጃውን በቆዳው አፎት ውስጥ አታቆየው። ቆዳው እርጥበትና አሲድ ይይዛል፤ ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል፤ የሐዋሳ ሐይቅ እርጥበት ሲጨመርበት ደግሞ ፈጣን ነው። ለየብቻ አስቀምጣቸው። ስለቱን በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ በሁለት ሦስት ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት አብሰው፣ ትርፉን ጥረገው፤ እንጨቱና ቆዳው ላይ አይድረስ። አዲስ ጫማ ሳጥን ውስጥ የሚገኙትን እርጥበት መሳቢያ ከረጢቶች አጠገቡ አድርግ። ብርቱካናማ ሆኖ በጣት የሚለቅ ዝገት ካለ ብቻ በዘይት አርሰህ በአጥንት ወይም በእንጨት ስንጥር አንሳው፤ ጥቁሩን ተወው።

አንድ ነገር ደግሞ አትርሳ። ወደ ውጭ አገር ለዘመድ መላክ ካሰብክ በቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም፤ አስቀድመህ የቅርስ ባለሥልጣንን ጠይቅ። ለግዢው ግን አጭሩን ሳንጃና ቦርሳውን እንደ 1928 ዕቃ ቁጠራቸው፣ ረጅሙን የአንበሳ ጭማሪ ሳታስብ እንደ ተፋቀ ውጅግራ ገምተው፣ ሦስቱን በዚህ ሒሳብ ደምረህ ንገረው። አልነጥልም ካለ እንኳ አጠቃላይ ዋጋው ከዚህ እንዳያልፍ።